ጭቃው በላ ወይ?

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አገሩን አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀው። አንዲት በግ ሁለት ግልገሎች ነበሯት፤ ቤት ግን የላትም። ክረምቱ ደርሷል። ጅቡም ከማዶ ሆኖ ግልገሎቿን እያየ ምራቁን ይውጣል።

አህያን ጠራችው። «አያ አህዩ፣ ጡብ ልሠራ ነው። አፈሩን ቆፍሬ ውሃ አጠጥቻለሁ። አንተ ርገጥልኝ፤ ቤቱ ሲያልቅ አንዱ ማዕዘን ያንተ ነው።»

«ይኼን ኮቴ ያየ ሌላ አይጠራም!» አለ አህያ።

«ጭዱ ይኸው፤ ዘንድሮ ሌላ የለም። ሦስት ቀን እየረገጥህ ጭቃውን ጭድ አብላው። ጭድ ያልበላ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

አህያ ጉድጓዱ ገባ። ረገጠ፣ ረገጠ፣ ራበው። ጭዱን አየና «ጭቃው፣ ትበላለህ?» አለ። ጭቃው ዝም። «እንግዲያ ግድ የለም!» ብሎ ራሱ ዋጠው።

አመሻሽ ላይ በግ መጣች። «ጭቃው በላ ወይ?»

«በላ፣ በላ! ይጨመርልኝም ብሏል!»

በማግስቱም «ትበላለህ?» አለ። ጭቃው ዝም። ዋጠው።

«ጭቃው በላ ወይ?»

«ኧረ ጠግቦ አገሳ!»

በሦስተኛው ቀን የቀረውን ጠራርጎ ዋጠ።

በግ ለሙከራ አንድ ጡብ ሠርታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ጧ! ለሁለት ተሰነጠቀ። ጡቡን አየች፤ የአህያንም ሆድ አየች። እንደ ከበሮ ተነፍቷል።

«አያ አህዩ፣ በላ የተባለው ጭቃ ከሳ፣ አንተ ወፈርክ። ነገሩ እንዴት ነው?»

«እሜቴ... ብጠይቀው ዝም አለኝ።»

«ጥሩ። የጭቃው ጭድ ሆድህ ውስጥ ነው። እስኪወጣ ድረስ ከጉድጓዱ ንቅንቅ የለም!»

አህያ ሊያኮርፍ ሲል ጅቡ ከማዶ ጮኸ። ቤቱ ካልቆመ አህያም ደጅ አዳሪ ነው። ረገጠ፤ ፋንድያ ጣለ። ረገጠ፤ ጣለ። ግልገሎቹ ዳር ቆመው «ጭቃው በላ ወይ?» እያሉ ይንከተከታሉ።

«እየበላ ነው! ፊታችሁን አዙሩ፣ ባለጌዎች!»

ጭዱ ፋንድያው ውስጥ ነበርና ጭቃው ያዘ፤ ጡቡም እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ቤቱ ቆመ። ጅቡ ግድግዳውን ቢቧጥጥ ጥፍሩ ተሰበረ። አህያም ማዕዘኑን አገኘ፤ ብቻ የገዛ ግድግዳውን ላለማሽተት አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ይተኛል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦ የዝምተኛን ድርሻ የዋጠ፣ በኋላ በኩል አማጠ።