ሐዘኗን በዊግ የሸፈነች ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት። ጸጉሯን በሐዘን እንደተላጨች ሥራ መፈለግ ግድ ሆነባት።

የንስሐ ልጄ ሐመልማል፣ ይህችን ሴት ያነሣሁልሽ ለጥያቄሽ ነው። በሕመምሽ ጊዜ የወሰድሽው መድኃኒት ጸጉርሽን አረገፈው፤ የተረፈውን ራስሽ ተላጨሽው። ነገ ደግሞ ለሥራ ልትፈተኚ ትሄጃለሽ። ማስታወቂያው «ጥሩ ቁመና ያላት» ይላል፤ ጓደኞችሽም ዊግ ገዝተውልሻል። «አባ፣ ዊጉን አድርጌ ብሄድ ማታለል ይሆንብኛል? ሳላደርግ ብሄድስ ማን ይቀጥረኛል?» አልሽኝ። እንግዲህ መጀመሪያ ሴትዮዋን ስሚልኝ።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እሷንና ሁለት ሕፃናት ልጆቹን ይዞ የመኪና መንገድ ወደሚያልፍባት አንዲት ከተማ ገባ። ገና ጎረቤት እንኳ በወጉ ሳይተዋወቁ ታመመ፤ አልተነሣም። ዘመዶቹ መጥተው ሬሳውን ወደ ትውልድ አገሩ ወሰዱት፤ እዚያው ተቀበረ። ሴትዮዋ እንደ አገሯ ልማድ ጸጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ለበሰች፤ ከዘመዶቹ ጋር ለቅሶ ተቀመጠች። ለቅሶው ሲያበቃ ልጆቿን ይዛ ወደዚያች ከተማ ተመለሰች፤ ሌላ መግቢያ አልነበራትምና። እዚያ ባሏን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያለቅስላትም አልነበረም።

ሥራ ፍለጋ ወጣች። በመጀመሪያ የሄደችው ወደ አንድ ጨርቅ ሻጭ ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ራሷ ላይ ያሰረችውን ሻሽ፣ በሻሹ ጠርዝ የሚታየውን የተላጨ ራሷን አየና ዐይኑን ወደ ጨርቁ መለሰ።

«እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ግን ገበያ ነው፤ ደንበኛ ገና ከበር ሲያይሽ ይደነግጣል። ጸጉርሽ ሲበቅል ብቅ በይ» አላት።

«ልጆቼስ እስከዚያ ምን ይብሉ?» ልትለው ፈለገች፤ ግን አመስግናው ወጣች።

ቀጥላ የሄደችው ዳቦ ቤት ነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ሻሿን እንድትፈታ አዘዘቻትና ራሷን አይታ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ፣ «ከእስር ቤት ነው የወጣሽው ወይስ የሚጋባ ነገር አለብሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ ሻሿን ማሰሪያ ጊዜ እንኳ ሳትወስድ፣ በእጇ እንደያዘችው ከዚያ ወጣች። እንዳለች ሆና ሥራ የመጠየቅ ወኔዋ ያለቀው ያን ቀን ነው። አልፈርድባትም።

አከራይዋ ከዓመታት በፊት ለሠርግ የገዛችው ዊግ ነበራት። አውጥታ ሰጠቻት። በዚያው ሰሞን አንድ ባለጠጋ፣ በከተማይቱ ትልቁ ሆቴል የእሱ ነበር፣ አስተናጋጆች ይፈልጋል ተባለ። ሴትዮዋ ጥቁር ልብሷን አውልቃ፣ ዊጉን አጥልቃ ሄደች። ሠራተኞችን የምትመርጠው ኃላፊዋ ነበረች፤ ሥርዓት የምትወድ፣ የተጨማደደ ነገር ማየት የሚያስጠላት ሴት።

«ጸጉርሽ እንዴት ያምራል!» አለቻት። «እንግዳ ፊት የማቆመው እንዲህ ያለውን ነው። ባለትዳር ነሽ?»

«አዎ።»

«ባለቤትሽ ምን ይሠራል?»

«ሾፌር ነው።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

ሴትዮዋ እጇ ሳታስበው ወደ ዊጉ ሄደ። ሞቷል ብትል ያን የመሰለ ጸጉር አበጥሮ መምጣት ምን ሊባል ነው? የባሏ መቃብር አፈር ገና ሳይደርቅ ያጌጠች ልትባል ነው። ደግሞም ዊግ መሆኑ ሊታወቅ ነው።

«መንገድ ላይ ነው» አለች።

ያን ዕለት ተቀጠረች።

ሥራው መልካም ነበር። ልጆቿ ጠግበው አደሩ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት አጣች። ከኩሽናው ሙቀት ዊጉ ራሷን ያሳክካታል፤ ግን ማከክ አትችልም። የወደቀ ማንኪያ ለማንሣት አንገቷን ቀጥ አድርጋ በጉልበቷ ትወርዳለች። ሌሎቹ ሴቶች በዕረፍት ሰዓት ሻሻቸውን ፈትተው አንዷ የአንዷን ጸጉር ስትሠራ እሷ ሰበብ ፈልጋ ትወጣለች። «ኩራተኛ ናት» አሏት። ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ስለ ባሏ ሲጠይቋት ነው።

አንዲት ባልደረባ ነበረቻት፤ ጨዋታ የምትወድ፣ ሳቋ ከኩሽና እስከ በረንዳ የሚሰማ። ጠዋት ጠዋት ስታገኛት፣ «እሺ፣ ሾፌሩ ምን ይዞልሽ ገባ? ብርቱካን ነው ሙዝ? ለእኛም አምጪልን እንጂ!» ትላታለች። ሴትዮዋ ፈገግ ትልና ወደ ዕቃ ቤት ትገባለች። እዚያ ሽርጧን አፏ ውስጥ ጨምራ ታለቅሳለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ትወጣለች። በየጠዋቱ ለሞተው ባሏ የመንገድ ወሬ መፍጠር ነበረባት፤ ትናንት እዚህ አደረ፣ ነገ እዚያ ይደርሳል። ሐዘኑ የሚወጣበት ቀዳዳ አጥቶ ውስጧ ተቀመጠ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የዚያች ባልደረባዋ እናት ሞቱ። የሆቴሉ ሰው ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ፤ ባለ ሆቴሉ ሳይቀር። ሴትዮዋም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ሄደች። ያቺ ሳቂታ ልጅ ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ለቅሶው በረድ ሲል ልጅቱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ሥራዬ አበቃለት» አለቻት። «ኃላፊዋን ታውቂያት የለ? በዚህ ራስ እንግዳ ፊት አታቆመኝም። የእማዬን ሞት ልቻል ወይስ እሱን?»

ሴትዮዋ የልጅቱን እጅ ይዛ፣ በነጠላዋ ውስጥ አድርጋ፣ ከዊጉ ሥር አስገባችው። የልጅቱ ጣቶች ገና እንደ አሸዋ የሚሻክረውን ራሷን ነኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዳንቺው ነኝ።»

«ማን ሞቶብሽ?»

«ባሌ።»

ልጅቱ እጇን ሳታወጣ አየቻት። «ሾፌሩ?»

«ሾፌሩ። እዚህ ከመቀጠሬ በፊት ነው የሞተው።»

«እኔ እኮ... ስለ ብርቱካኑ...» አለችና አቀፈቻት። ሁለቱም ተንሰቀሰቁ፤ ቤቱ የተሞላው በለቅሶኛ ነውና ማንም ልብ አላላቸውም። ሴትዮዋ ባሏ ከተቀበረ ወዲህ በሰው ትከሻ ላይ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ልጅቱ ወደ ሥራ የምትመለስበት ቀን ሲደርስ ሁለቱ ተነጋገሩ። ሴትዮዋ ዊጉን አጥባ፣ አበጥራ ለአከራይዋ መለሰች። ጠዋት ሁለቱም ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ደንብ ልብሳቸውን በንጽሕና ለብሰው በሆቴሉ የፊት በር ገቡ። ሴትዮዋ ዛሬ ከተባረረች ልጆቿን ይዛ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።

ኃላፊዋ ስታያቸው የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «አንቺስ እናትሽ ሞተውብሽ ነው፤ ይሄኛዋ ደግሞ ምን ሆና ነው? ጸጉርሽን ምን አደረግሽው? እንግዳ ሳያያችሁ ወደ ጓዳ ግቡ! ጸጉር ተበጥሮ ይያዝ የሚለው የዚህ ቤት ደንብ የት ሄደ?»

ጫጫታውን ሰምቶ ባለ ሆቴሉ ወጣ። ሁለቱን ራሶች አየና ኮፍያውን አወለቀ።

«የእሷን አውቃለሁ፤ ለቅሶው ላይ ነበርኩ» አለ። ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ያንቺስ፣ ማን ነው?»

«ባሌ ነው፣ ጋሼ። ስቀጠር ሞቶ ነበር። መንገድ ላይ ነው ብዬ ዋሸሁ። ጸጉሩም የእኔ አልነበረም። በተላጨ ራስ የሚቀጥረኝ ባጣ ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ ግን ስለ እሱ መዋሸት አልችልም።»

ሴትዮዋ በሩን ተመለከተች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሐዘንሽን ይዘሽ ስትሠሪ፣ አንድ ሰው እግዜር ያጽናሽ አላለሽም?» አላት።

«አልነገርኳችሁማ።»

«እግዜር ያጽናሽ። ነፍሱን ይማረው።» ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «የጸጉርን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ለምን ነበር ያወጣሁት?»

«ንጽሕና ነው፣ ጋሼ... ጸጉር ምግብ ላይ እንዳይገኝ።»

«እሺ፣ ከእነዚህ ራስ ላይ ወጡ ውስጥ ምን ይወድቃል?»

ኃላፊዋ ሁለቱን አየቻቸው። ከኩሽናው በኩል አንድ ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት አመለጠው። ሳቂታዋ ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ኃላፊዋ ራሷ ሳትወድ ሳቀች። ሴትዮዋ ብቻ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

በዚያው እሑድ የሆቴሉ ሰዎች ሴትዮዋ የተከራየችው ቤት ድረስ መጡ። ቤቱ አልበቃቸውም፤ አግዳሚ አውጥተው ደጅ ተቀመጡ። ያን ቀን ስለ ባሏ እውነተኛውን አወራች፤ እንዴት ያፏጭ እንደነበር፣ መኪናውን እንዴት በስም ይጠራት እንደነበር። ኃላፊዋም መጥታ ነበር። ስትሄድ፣ «ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው አንቺን ያስፈራራሁሽ» አለቻት። ልጆቹ አባታቸው በሰው ዘንድ ሲለቀስለት አዩ። ሴትዮዋ በሥራዋ ቀጠለች። አልዋሽሽም፣ ራሷን አይቶ ጠረጴዛ የቀየረ እንግዳ ነበር። የሚበዙት ግን «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ተቀመጡ፤ በሉም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንቺ ልመለስ።

ዊጉ ኃጢአት ነው ብዬ አላስርሽም። ቢያምርሽ አድርጊው፤ ካላማረሽ ተዪው። ሴትዮዋን ያደከማት በራሷ ላይ ያለው አልነበረም፤ እሱን ለመጠበቅ ስትል ባሏን በየቀኑ በሕይወት እንዳለ ማውራቷ ነው። የሚቀጥርሽም ሰው ንጹሕ ሁኚ፣ ልብስሽን አስተካክዪ ቢልሽ መብቱ ነው። ስለ ጸጉር ደንብ አለን ቢሉሽ ግን ከበር አትመለሺ፤ ደንቡ ለምን እንደሆነ በትሕትና ጠይቂ። ብዙ ጊዜ እንዳንቺ ያለችውን ለመከልከል የወጣ አይሆንም። ያም ሆኖ አንፈልግሽም ቢሉሽ ያማል፤ እንደ ጨርቅ ሻጩ ያለ ሰው መኖሩን አልደብቅሽም። ግን በዚያ ቤት አንገትሽን ቀጥ አድርገሽ ስትፈሪ ከመኖር ትድኛለሽ፤ ሌላ ቤትም አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ልንገርሽ። ሴትዮዋ ጸጉሯን ስትሸፍን ሐዘኗም አብሮ ተሸፈነ፤ ስለዚህ የሚያጽናናት አጣች። አንቺም እንደዚያው ሆነሽብኛል። ከተቀመጥሽ ጀምሮ የነገርሽኝ ስለ ተላጨ ራስሽ፣ ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ዊጉ ነው። ሐኪሞቹ ድነሻል ብለው እንዳሰናበቱሽ የሰማሁት ከእናትሽ ነው፤ ከአንቺ አፍ አልወጣም። ያንን የሚያህል ነገር ከጸጉርሽ ጋር ደበቅሽው። የሚያዝንልሽን ሰው ፈርተሽ፣ በመዳንሽ ደስ የሚለውንም ከለከልሽው።

ነገ ቢጠይቁሽ፣ «ታምሜ ነበር፤ ድኛለሁ፤ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ» በያቸው። ከዚህ የበለጠ ቁመና ምን አለ? አሁን ግን ሻሽሽን ወደ ኋላ መለስ አድርጊና ቀና በይ፤ እኔም እስካሁን የከለከልሽኝን ልበልሽ። እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ፣ ልጄ። እንኳን ማረሽ።