ለጠየቀው ሁሉ የሚያነበው በቀቀን

አንድ ጊዜ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ተሸክማ ጀርባዋ የተላጠ አንዲት አህያ፣ በቃኝ ብላ ጡረታ ወጣችና ራሱን በራሱ የሚያዝ ቤት አሠራች። የሠራላት በእጁ ጥበብ የታወቀው አቶ ዝንጀሮ ነው። በሩ ሰዓቱን ጠብቆ ይዘጋል፣ መስኮቱ ሙቀት ሲበዛ ይከፈታል፣ የውሃ ገንዳው ሲጎድል ይሞላል። የሁሉም ነገር ቅንብር ሳሎን ውስጥ በተሰቀለ አንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት፣ ባለቤቷም በየትኛው ክፍል እንዳለች ሳይቀር።

ችግሩ ወይዘሮ አህዪት ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ አቶ ዝንጀሮ አንድ በቀቀን አመጣላት። «የቤቱን ቅንብር አንብብ» ሲሉት ሰሌዳውን አይቶ አንድ ሳያስቀር ያነባል። አህዪት ነገር ቶሎ የምታምን አይደለችምና፣ በሩን ይከፍት እንደሆነ፣ መብራቱን ያጠፋ እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀች።

«ይሄ ማንበብ እንጂ መንካት አያውቅም እትዬ» አላት ዝንጀሮ።

ልቧ አረፈ። ለማን እንደሚያነብ መጠየቅ ግን ትዝም አላላት። ዝንጀሮም አልነገራት። በዚያ አገር እንስሳት ዘንድ ደጅ መጥቶ የጠየቀን ዝም ማለት ትልቅ ነውር ነው፤ በቀቀኑንም ያሳደገው በዚሁ ደንብ ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ በዚያ ስታልፍ በቀቀኑ መስኮት ላይ ተቀምጦ ለአህዪት ሲያነብ ሰማች። አህዪት ገበያ እስክትሄድ ጠብቃ ተመለሰችና፣ ይሆናል ብላ ሳይሆን ለመሞከር ያህል፣ የቤቱን ቅንብር እንዲያነብላት ጠየቀችው።

«የፊት በር፦ ሁልጊዜ የተቆለፈ። የጓሮ በር፦ ስድስት ሰዓት ላይ ለነፋስ ይከፈታል። የማስጠንቀቂያ ደወል፦ ባለቤቷ የቀን እንቅልፏን ስትተኛ ዝም ይላል» አለ በቀቀኑ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

ቀበሮ ክው አለች። ስንት ውሸት ዋሽታ የማታገኘውን ነገር ያለ አንድ ውሸት አገኘችው። በቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ሮጠች፤ ሥጋው ለእሱ፣ ትርፍራፊው ለእሷ እንዲሆን ተስማሙ። ጅብ የሰሙትን የሚይዝ ጭንቅላት የለውምና፣ ሰዓቱንና በሩን አምስት ጊዜ አስጠናችው።

በማግስቱ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አህዪት አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች፣ ከመስኮቱ ሥር የጎረነነ ድምፅ ሰማች። ጅብ ነበር። የተነገረውን መንገድ ላይ ረስቶት ኖሯል።

«አንተ ወፍ፣ የትኛው በር ነበር?»

«የጓሮ በር፦ ተከፍቷል» አለ በቀቀኑ፣ እንደወትሮው በትሕትና። «ደወል፦ ዝም ብሏል። አልጋ፦ ባለቤቷ ተኝታበታለች።»

አህዪት ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። የገዛ ቤቷና የገዛ እንቅልፏ፣ በገዛ በቀቀኗ አፍ ለጅብ እየተነበበ ነው። በሩን ልዝጋ ብትል፣ መዝጋቱን የሚያውቀው ሰሌዳው እንጂ እሷ አይደለችም። ያላት ሁለት የኋላ እግር ብቻ ነው። ተነሳችና ጀርባዋን ለጓሮ በር ሰጥታ ቆመች።

ጅብ ግራና ቀኙ ጠፍቶበት ቤቱን አንዴ ሙሉ ዞረው። በቀቀኑ ማንበቡን አላቆመም ነበር። «አልጋ፦ ባዶ። ባለቤቷ፦ የጓሮ በር ጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።» ጅብ ግን ከ«ተከፍቷል» ወዲያ ያለውን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ምራቁን እያዝረበረበ ዘሎ ሲገባ ሁለት ኮቴ ፊቱ ላይ አረፈ። አራት ጥርሱን ደጃፉ ላይ ጥሎ ሲፈረጥጥ፣ ቁጥቋጦ ሥር ትርፍራፊ የምትጠብቀውን ቀበሮ ረግጧት አለፈ።

አህዪት ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ምን በድዬህ ነው ለጅብ የሰጠኸኝ?»

በቀቀኑ ከልቡ ገረመው። «እኔ ምን ነካሁ እትዬ? ጠየቀኝ፣ አነበብኩ። ትናንትም ቀበሮ ጠይቃኝ አንብቤላታለሁ። ማንም ቢጠይቀኝ አነባለሁ።»

ከጅቡ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ነበር። ልትቆጣው ፈለገችና ተወችው፤ ያልነገረችውን ከየት ሊያውቅ ይችላል? ያን ቀን እስኪመሽ አጠገቡ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ አስተማረችው።

ሳምንት ሳይሞላ ቀበሮ ጎኗን እያሻሸች መጣች። ድምፅዋን አለስልሳ የቤቱን ቅንብር እንዲያነብላት ጠየቀችው።

«ማን ልበል?» አለ በቀቀኑ። «ለእትዬ ልንገራትና ከፈቀደች አነብልሻለሁ።»

ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከውስጥ የኮቴ ድምፅ ሲቀርብ ስትሰማ፣ ስሟን ሳትናገር በመጣችበት ተመለሰች።

ከዚህ የምንማረው የቤታችንን ገመና የሚያውቅ አገልጋይ ስናስገባ፣ እጁ ምን እንደሚነካ ብቻ ሳይሆን አፉ ለማን እንደሚከፈትም አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።