ለምሳ የሚጠራ ድንበር

ፊታውራሪ ደባልቄ አንዲት ጎረቤታቸውን ባልቴት «እርሻሽ የእኔ ርስት ነው» ብለው ዳኛ ፊት አቆሟት። ማስረጃቸው ከሣጥን ያወጡት የአያታቸው የሽበሺ ዘመን መዝገብ ነበር። መዝገቡም «የሽበሺ ርስት፣ ከደጃፉ ቆሞ ሰው ለምሳ ሲጣራ ድምፁ እስከሚሰማበት ድረስ ነው» ይላል።

ፊታውራሪ ጊዜ አላጠፉም። ዳኛውና ባልቴቷ እርሻው ዳር ሄደው ሲቆሙ፣ እሳቸው ከደጃፋቸው ሆነው ጉሮሯቸው እስኪነቃ «መሬቴ ነው!» እያሉ ጮኹ።

«ሰማሽ፣ እናቴ?» አላት ዳኛው።

«ጩኸቱንማ ሰማሁ፣ ጌታዬ» አለች ባልቴቷ። «ግን አርባ ዓመት አጠገባቸው ስኖር፣ ሰው ለምሳ ሲጣሩ አንድ ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። በመዝገቡ ከሄድንማ የእሳቸው ርስት ከጓዳቸው አያልፍም!»