ግራዝማቹን ያቀናች ሴት

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። እኔ «ተረት» ስል፣ እናንተ «ጆሯችን በረት» በሉኝ። የገባው እንዳይወጣ።

ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ፣ ጥድ በር በሚባል አገር ግራዝማች ጓንጉል የሚባል ገዥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይቆጣ ነበር እንጂ። ሲቆጣ ድምፁ ከኮረብታው ተነስቶ ወንዝ ይሻገራል። ውሾች ጅራታቸውን በእግራቸው መሐል ይሸጉጣሉ። የላሞችም ወተት ይደርቃል ይባላል፤ ይህን የኋለኛውን ግን በዓይኑ ያየ የለም።

የጥድ በር ሰዎች ሰላም ወዳዶች ነበሩ። ጌታቸው በተቆጣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ በጫንቃቸው ድንጋይ ይሸከማሉ፣ እጅ መንሻ ያስይዛሉ፣ ኮረብታውን ይወጣሉ። «ጌታችን፣ ይማሩን» ይላሉ። እሱም እጅ መንሻውን ያይና ይምራቸዋል። ምን እንዳጠፉ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ጓንጉል ዶሮ ቀድሞት ስለጮኸ ተቆጣ። አንድ ማሰሮ ማር ወሰዱለት። ዝም አለ።

ሌላ ቀን ጉም አዳራሹን ስለሸፈነበት ተቆጣ። ሁለት ማሰሮ ማርና አንድ ሙክት ወሰዱለት። ዝም አለ።

በሦስተኛው ጊዜ የሚቆጣበት ነገር አጣና እንዲሁ ተቆጣ። ሦስት ማሰሮ ማርና አንዲት ጊደር ወሰዱለት። ማሩን ቀመሰ። ጊደሯን አየ። ዝም ግን አላለም።

«ጨፌውንም እፈልጋለሁ!» አለ። «ለበቅሎዎቼ አጥረዋለሁ። እስከ ቅዳሜ መጥታችሁ ወሰኑን አሳዩኝ!»

ጨፌው የመንደሩ ብቸኛ የበጋ ግጦሽ ነበር። ከታጠረ በሬ አይተርፍም። በሬ ካልተረፈ ማን ያርሳል?

ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አባ ቢተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አራት ማሰሮ እናድርገው» አሉ።

ከዳር የቆመች አንዲት ሴት ሳቀች። ደብሪቱ ትባላለች። ባሏ ወይፈን አቅኚ ነበር፤ ቀንበር አይቶ የማያውቀውን ወይፈን እርሻ የሚያስለምድ ማለት ነው። ሲሞት ሥራውን እሷ ያዘችው። መጀመሪያ አገሩ ሁሉ ሳቀባት። ኋላ ወይፈኑን እየጎተተ ደጇ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ አባ ቢተው።

«አራት ማሰሮ ብትወስዱ፣ ከጨፌው በኋላ ግራዝማች ቤታችንንም ይጠይቃሉ።»

«ምን ይደረግ ልጄ፣ ጌታችን ቁጡ ናቸው። አመላቸው ነው።»

«አመላቸውስ አይደለም፣ አባ። እኛ ነን ያስለመድናቸው።»

አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ደብሪቱ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ጠየቀች።

«ወይፈን ትልም መሐል ቢተኛባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሣር አሳይተን እናስነሳዋለን» አለ አንዱ።

«ነገስ?»

«ነገም ይተኛል።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ቀንበሩን ገና ሲያይ ይተኛል! የእኔው እንዲያ ነው፣ እርጉም!»

«ወይፈኑ ምን አጠፋ? ሲተኛ ሣር እየመጣለት ለምን ይነሳል? ግራዝማችም ሲጮኹ ማር ይመጣላቸዋል። በዝምታ በተቀመጡበት ቀን ማር የወሰደላቸው ማነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የወሰደ አልነበረም።

«እና በአለንጋ እንምከራቸው?» አሉ አባ ቢተው።

«አለንጋ ወይፈን ያስደነብራል እንጂ ትልም አያሳይም። ደግሞም አለንጋው ያለው እሳቸው ዘንድ ነው።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉ አባ ቢተው።

«ወጋችንን እንጠብቅ» አለች ደብሪቱ። «ጌታ ሲቆጣ ከፊቱ ገለል ማለት፣ ሲሄዱም ጀርባ አለመስጠት የአባቶቻችን ወግ አይደለም? ማሩን ተሸክመን እንውጣ። ድምፃቸው ከፍ ሲል እጅ ነስተን ወደ ኋላ። ድምፃቸው ዝቅ ሲል ወደ ፊት። ሌላ ምንም አናደርግም። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ መጀመሪያ ይብስባቸዋል። የለመደው ሣር የቀረበት ወይፈን ከመነሳቱ በፊት ይራገጣል። ያኔ አንዳችን ፈርተን ማሩን ካቀበልን፣ የባሰ መጮህን አስተማርናቸው።»

ሐሙስ ዕለት ወጡ። ጓንጉል ከመድረኩ ላይ ሆኖ ጮኸ።

«ወሰኑን አሳዩኝ!»

ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ አሉ። «ጌታችን ተቆጥተዋል። በቁጣዎ ፊት ልንቆም አይገባንም» አሉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«የት ትሄዳላችሁ!»

እጅ ነሱ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። እሱ ይጮኻል፣ እነሱ ይጎነበሳሉ። በሩን አለፉ፣ ግቢውን አለፉ፣ ኮረብታውን ወረዱ፤ ፊታቸው ወደ ጌታቸው እንደዞረ። ማሩም አብሮ ወረደ። ጓንጉል በዚያ ቀን ደረቅ እንጀራ በላ።

ዓርብ ዕለት ወጡ። ባሰበት። ምሰሶ የሚነቀንቅ ድምፅ አወጣ፣ የዝንብ ጭራውን ወረወረ፣ በርጩማውን በእግሩ ገለበጠ። የአባ ቢተው እጅ ወደ ማሰሮው ተዘረጋ።

«አባ» አለች ደብሪቱ በሹክሹክታ፣ «ሣሩን እየሰጡት ነው።»

አባ ቢተው እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ግረፋቸው!» ብሎ ጓንጉል ወደ ዘበኛው ዞረ።

ዘበኛው ለአፍታ አሰበ። እሱም ጨፌው ላይ ሁለት በሬዎች ነበሩት።

«እሺ ጌታዬ። በምን ጥፋት ልበል? እጅ በመንሳት?»

«አንተ ደግሞ!»

«ጌታዬ ተቆጥተዋል» አለ ዘበኛው። እጅ ነሳና እሱም ወደ ኋላ ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት ወጡ። ወንዱም ሴቱም ወጣ። ጓንጉል ድምፁ ሻክሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል። ሚስቱ ወይዘሮ ሽታዬ አጠገቡ ናት።

«ጌታዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ድምፅዎ ሲወጣ ማሩም ይወጣል። አላስተዋሉም?»

«ምን ማለትሽ ነው!»

ደጃፉ ላይ የነበረው ማሰሮ አንድ እርምጃ ራቀ። ጓንጉል አየው።

«ምን… ማለትሽ ነው?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማሰሮው አንድ እርምጃ ቀረበ።

ጓንጉል ማሰሮውን አየ። ሚስቱን አየ።

«ግቡ» አለ። ሁለት እርምጃ ገቡ።

«ግቡ እንጂ!» አንድ እርምጃ ወጡ።

ጓንጉል ምራቁን ዋጠ። ከዚያም በዕድሜው ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ተናገረ።

«እባካችሁ ግቡ።»

መንደሩ በሙሉ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ቢተው ማሰሮውን ከፍተው ሰፈፉን በእጃቸው አቀረቡለት። ደብሪቱ ወደ ፊት ወጣችና እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ስለ ጨፌው ልንለምን መጥተናል።»

«ጨፌው!…» ብሎ ጀመረ ጓንጉል። መቶ ተረከዝ ከመሬት ተነሳ። ማሰሮው ተከደነ። ጓንጉል አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ቀስ ብሎም ገጠመው። እንደገና ሲናገር ለሕፃን እንደሚያወራ ሆኖ ነበር።

«ጨፌው… የማን ነበር?»

«የበሬዎቻችን ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ የበሬዎቻችሁ ይሁን።»

«ይማሉልን?»

«እምላለሁ።» በእግዜር ማለ፣ በአባቱ አጥንት ማለ፣ ዘበኛውም ምስክር ሆነ። እልልታው ወንዝ ተሻገረ። የጓንጉል ቁጣ ይደርስበት ከነበረው ቦታም አለፈ ይላሉ።

በዚያ በጋ አንድም በሬ አልሞተም። ጓንጉል በለሰለሰ አንደበት በፈረደበት ቀን ማር ይመጣለታል። ሁልጊዜ ግን አይመጣም፤ ደብሪቱ ከልክላለች። «ሁልጊዜ ሣር የለመደ ወይፈን፣ ሣር የቀረ ዕለት ሥራውንም ይተዋል» ትል ነበር። የትኛው ቀን እንደሆነ ስለማያውቅ ጓንጉል ሁሉንም ቀን በለሰለሰ አንደበት ዋለ። ዓመት ሳይሞላ ከወንዝ ማዶ ሳይቀር «ያ የዋህ ዳኛ የት ነው?» እያሉ ሙግት ይዘው መጡ። እሱም ከእናቱ ማሕፀን የዋህ ሆኖ የወጣ መሰለው። ማንም አላረመውም።

ደብሪቱ ግን ከዳር መቆም ቀረላት። ከሾላው ሥር፣ ከአባ ቢተው ቀኝ፣ መቀመጫ ተሰጣት። ወይፈን የሚያስቸግረውም፣ ሹም የሚያስቸግረውም እሷ ዘንድ ይመጣ ጀመር። ለሁለቱም የምትመልሰው አንድ ነበር፦

«ቁጣን ማር ካጎረሱት፣ ነገ ማሰሮ ይዞ ይመጣል።»

እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለደረቀው ጉሮሮዬ ውሃ ስጡኝ።