መላጣው ቁልቋል

እናትሽ ካረፈች ሁለት ክረምት አለፈ። ጎረቤቶች «ልጅቷ እናቷን አትመስልም» ሲሉ ሰምተሽ ነው ዛሬ «እውነት የእሷ ልጅ ነኝ?» ብለሽ የጠየቅሽኝ። ቁጭ በይ ትርሲት፣ ይህን ስሚ።

ጣሳም ፍየልም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ አሸዋማ ቆላ ውድነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ከአንድ የቁልቋል ፍሬ ሦስት ዘር አውጥታ በሦስት ጣሳ ዘራች። ዘሩ ሳይበቅል ሞተች።

ባሏ ጣሳዎቹን ጠበቀ። ከእጇ የቀረው እነሱ ብቻ ነበሩ። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ያጠጣቸዋል፤ እሷ እንዲያ ትል ነበር።

አንዱ ረጅም እሾህ አወጣ። አንዱ ጎበጠ፣ እሾሁም አጭር ሆነ። ሦስተኛው ያለ እሾህ መላጣውን ቀረ።

እመት ፍየል አየችው፤ ምራቋን ዋጠች። ወደ እሾሃሙ ሄደች።

«አያ እሾሃሙ፣ ይህ መላጣ ምንህ ነው?»

«ወንድሜ።»

«ታዲያ እሾሁ የታለ?»

ወደ ጎባጣው ሄደች።

«አያ ጎባጣ፣ ይህ መላጣ ምንህ ነው?»

«ወንድሜ ይመስለኝ ነበር።»

ወደ ሰውየው ሄደች።

«ጌታው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህ የውድነሽ ዘር አይደለም። ነፋስ ያመጣው አረም ነው። ይስጡኝ፣ ልጣልልዎ።»

«በአፍሽ ነው የምትጥዪው?» አላት።

ጥርጣሬ ግን ገባው። መላጣውን ሊነቅል ጣሳውን አነሣ። ጣሳው ተናገረ፦

«ስትዘራው ሰምቻታለሁ። ‹ቁልቋል በእሾሁ አይለይም፣ አበባው ይጠበቅ› ብላለች።»

«ስንት ዓመት?»

«እሱን አልነገረችኝም።»

ሰውየው ጣሳውን መለሰ። አንድ ዓመት ጠበቀ፤ ሁለት ዓመት ጠበቀ። እመት ፍየል ባለፈች ቁጥር «እስካሁን አላበበም?» ትላለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ጠዋት እሾሃሙ አበበ፤ አበባው ቢጫ፣ ልቡ ቀይ። ቀትር ላይ ጎባጣው አበበ፤ አበባው ቢጫ፣ ልቡ ቀይ። መላጣው ዝም። እመት ፍየል ከአጥሩ ሥር ተኝታ ጠበቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መላጣው ተከፈተ። አበባው ቢጫ፣ ልቡ ቀይ።

«ወንድሜ ነው አላልኩም?» አለ እሾሃሙ።

«እኔስ ድሮም አውቄዋለሁ» አለች እመት ፍየል፣ ተነሥታ እየሄደች።

ሰውየው ዞር ብሎ «ውድነሽ፣ ነይ እዪ» አለ። መሞቷን ረስቶ ነበር።

ትርሲት፣ የሚቸኩል እሾህ ይቆጥራል፤ ዘሩን የሚያውቅ አበባ ይጠብቃል። እኔ አባትሽ እጠብቃለሁ።

ሰውየው መላጣውን በሁለቱ መሃል አስቀመጠው። ከዚያ የውድነሽን በርጩማ ከቤት አውጥቶ ወደ አበቦቹ አዞረው።