የጠበበው የፉርጎ በር

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ባቡሩ ከልባቸው ያልወጣላቸው። አቶ ጥላዬ ይባላሉ። ቤታቸው ተቀምጠው የድሮዎቹን ፉርጎዎች ሞዴል ከእንጨትና ከቆርቆሮ ይሠሩ ነበር። ልኩ የታወቀ ነው፤ የእውነተኛው አንድ ሜትር በሞዴሉ ላይ አምስት ሴንቲ ይሆናል። ከዚህ ፀጉር ታህል ዝንፍ ካለ አይወዱም።

ታዲያ የሰፈሩ ሰዎች የባቡር ሠራተኞችን የሚያስታውስ ኤግዚቢሽን አሰቡ። ሞዴል ያለው ያምጣ፣ ልኩን አቶ ጥላዬ ይዩት ተባለ። ለልክ ከእሳቸው የሚሻል ማን አለ?

ሞዴሎቹ ወደሚለኩበት አዳራሽ ወይዘሮ አስካለም መጡ። ባለቤታቸው አቶ ሽብሩ የጥላዬ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው። በሕመማቸው ወራት ትራስ ተደግፈው የሠሯትን የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ፣ ሚስታቸው በፎጣ ጠቅልለው፣ ታቅፈው ይዘው መጡ።

አቶ ጥላዬ ማስመሪያቸውን አወጡ። ርዝመቷ ልክ። መስኮቷ ልክ። በሯ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የእውነተኛውን ፉርጎ ፕላን ዘረጉ። የእውነተኛው በር ስፋት ሰማንያ ሴንቲ ነው ይላል፤ እንግዲህ በሞዴሉ አራት ሊሆን ነው። ይኼኛው አምስት ነው።

አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "ወይዘሮ አስካለ፣ ይኼ በግምት የተሠራ ነው" አሉ። "ሽብሩ ልክ አልጠበቀም።"

ሴትዮዋ ፎጣቸውን አነሱ። ፉርጎዋን ጠቅልለው ወጡ። አቶ ጥላዬስ? ሥራቸውን በሐቅ የሠሩ መስሏቸው ቀጣዩን ሞዴል አነሱ።

በሳምንቱ ለራሳቸው ሞዴል የመወጣጫውን ቁመት ሊለኩ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ጥግ ይዞ ወደቆመው አሮጌ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ሄዱ። መወጣጫውን ጨርሰው ሜትሩን በሩ ላይ ዘረጉት። አንድ ሜትር። ደግመው ለኩ። አንድ ሜትር። ጠጋ ብለው ሲያዩ ከቀለሙ ሥር የብየዳ ጠባሳ አለ።

ዘበኛው የድሮ ሠራተኛ ነበሩና ነገሩን አጫወቷቸው። ለካ ሽብሩ፣ ከየጣቢያው በቃሬዛ የሚመጣ ሕመምተኛ በጠባቡ በር አልገባ እያለ ሲንገላታ አይተው፣ አለቆቻቸውን ለምነው፣ በሩን በገዛ እጃቸው አስፍተውት ኖሯል።

አቶ ጥላዬ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አሉ። በዚያ በር ሃያ ዓመት ገብተው ወጥተዋል። አንድ ቀን አልለኩትም። የሚያውቁት ወረቀቱን ነበር።

ፊታቸው በእፍረት እየነደደ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄዱ። ጫማ ጫማቸውን እያዩ የሆነውን ተናገሩ፤ ይቅርታም ለመኑ። ሴትዮዋ ሰምተው ሲያበቁ ፉርጎዋን አምጥተው ፊታቸው አኖሩ። በሯ ጠቧል። ባሌ በሥራው እንዳይታማ ብለው አናጢ ዘንድ ወስደው፣ አንድ ሴንቲ ጣውላ አስጨምረውበታል።

"አመንኩዎት" አሉ። "ልክ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ።"

አቶ ጥላዬ፣ ልንቀለው አሉ።

"ይተዉት። ይቅር ብዬዎታለሁ። ግን በሙጫ የተያዘ ነው፤ እሱ ሲነቀል የሽብሩ ሥራ አብሮ ይሰነጠቃል።"

ወገኖቼ፣ ይህን እፍረት ታውቁታላችሁ? ይቅር ተብላችሁም፣ ያበላሻችሁት እንደተበላሸ ፊታችሁ ሲቀመጥ?

በኤግዚቢሽኑ ቀን ፉርጎዋ በወይዘሮ አስካለ ፈቃድ ከሁሉ ፊት ቆመች። አጠገቧ በአቶ ጥላዬ እጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር፦ "የዚህች ፉርጎ በር ልክ ነበረ። ያጠበብኩት እኔ ነኝ።" ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆመው ለጠየቃቸው ሁሉ ተናገሩ።

እኛስ? ስንቱን ሰው ነው ቀርበን ሳናየው የፈረድንበት? ምራታችሁን "እሷ ልበ ደረቅ ናት" አላላችሁም? ልጃችሁን "አንተ እንኳ አትረባም" አላላችሁም? የሚያሳዝኑት የተቆጡን አይደሉም። የሚያሳዝኑት ያመኑን ናቸው። ቃላችንን ሰምተው ራሳቸውን ያጠበቡት።

ይህን ስናገር አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። እግዚአብሔር ነው ያስታወሳችሁ፤ አታባርሩት። ወደዚያ ሰው ሂዱ። በአደባባይ ያሳፈራችሁትንም ጓዳ ወስዳችሁ ይቅርታ አትጠይቁት። እዚያው አደባባይ ላይ፣ ያኔ የሰሙት ሁሉ ባሉበት ጠይቁት።