ቀጥ ብሎ የሚወርደው ካፒቴን

አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ የሚጋፋ፣ የሚነጫነጭ፣ «ወራጅ አለ!» እያለ የሚጮህ ሕዝብ ጭኖ ከተማዋን ሲያካልል ይሰነብትና እሑድ ሲሆን አውሮፕላን ያበራል። እውነተኛ አውሮፕላን አይደለም፤ በኮምፒውተር ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ስክሪንና እንደ አውሮፕላን መሪ የሚያዝ እጀታ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ከተጣለ አሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ የሾፌር ወንበር ነው። እዚያ ላይ ተቀምጦ ሞተር ያስነሣል፤ ለባዶው ሳሎን «ክቡራን መንገደኞች፣ እባካችሁ ቀበቷችሁን እሰሩ» ይላል፤ ከዚያ ይነሣል።

ጎረቤቶቹ ይቀልዱበታል። «ካፒቴን፣ ዛሬ ወዴት ነው?» ይሉታል ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ። ሚስቱ ትርንጎም እሑድ ቀን ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ «አየር ላይ ነው፤ ሲወርድ ይመጣል» ትላለች እየሳቀች። ይህን የሚያህል ትልቅ ሰው በጨዋታ እንዴት ይጠመዳል የሚሉም ነበሩ። እኔ ግን ጥፋቱ አይታየኝም። ስድስት ቀን ትራፊክ መብራት ላይ የቆመ ሰው ሰባተኛውን ቀን ደመና ላይ ቢውል ማን ተጎዳ? እንዲያውም ሰኞ ጠዋት ተሳፋሪውን ፈገግ ብሎ የሚቀበለው እሑድ ስለበረረ ነው።

ዘርጋው የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው፤ አወራረዱ። አይዞርም፣ አያመነታም። ሜዳውን ከሩቅ አይቶ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ጎማው መሬት ሲነካ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውኃ እንኳ አይነቃነቅም። በሥራውም እንዲሁ ነው። መድረሻውን ካወቀ ወደ ግራ ቀኝ ማየት አይወድም።

የሚስቱ አባት አቶ አስረስ ከእነሱ ጋር መኖር ከጀመሩ አራት ወራቸው ነበር። ከዚያ በፊት ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ የትውልድ ከተማቸው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ ወድቀው ተገኙና ሐኪም መረመራቸው። «ልባቸው ደክሟል፤ ብቻቸውን መኖር የለባቸውም» አለ። ዘርጋው ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። ክፍል ቀለም አስቀባ፣ አልጋ አስገባ፣ የሐኪም ቀጠሮ ያዘ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወሰደ። ከዚያም የጓደኛውን ፒካፕ ተውሶ ሄደና ሽማግሌውን በአንድ ቀን ከነሣጥናቸው ጭኖ መጣ። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል?» አለ። እውነትም ደግ ሰው ነው።

ሽማግሌው ግን በአዲሱ ክፍላቸው እንደ እንግዳ ነበር የሚቀመጡት። ምግብ ሲቀርብ «ጠገብኩ» ይላሉ። «እንዴት ዋሉ?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ሣጥናቸውን እንኳ አልከፈቱም። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ልጃቸውን ጠርተው «የሚመጣው ቅዳሜ አገሬ እገባለሁ» አሏት።

ትርንጎ ክው አለች። «አባዬ፣ ብቻዎን ወድቀው ቢቀሩስ?»

«ብወድቅም አገሬ ላይ ነው የምወድቀው» አሉ። ለመነች፣ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

ትርንጎ የምትገባበት ጠፋት። አባቷ ተመልሰው ብቻቸውን ከኖሩ ምን ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሙ በግልጽ ነግሯታል። ዘርጋውም ሆድ ባሰው። «ምን አጎደልኩባቸው? ያላደረግኩት ምን አለ?» አለ ለሚስቱ።

እሑድ ደረሰ። በዚህ ጨዋታ የሚዝናኑ ሰዎች አንድ ደግ ልማድ አላቸው፤ ከዓለም ላይ የጠፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎችን በትርፍ ጊዜያቸው በኮምፒውተር ይሠሩና ለሌላው ያካፍላሉ። ዘርጋው እነዚህን ሲያገላብጥ የአማቱን ከተማ ሜዳ አገኘ። ያች ከተማ የመኪና መንገድ ሳይገባላት በፊት በሳምንት ሁለት ቀን አውሮፕላን የሚያርፍባት የሣር ሜዳ ነበራት። አቶ አስረስ የዚያ ሜዳ ዘበኛ ሆነው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። መንገዱ ሲመጣ አውሮፕላኑ ቀረ፤ ሜዳውም በቤት ተሞላ። ዘርጋው ከመቀመጫው ዘለለ። ሳይሄዱ አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ላሰኛቸው ብሎ አሰበ።

«አባባ፣ ይምጡ፣ አገርዎን ላሳይዎት» አላቸው።

ሽማግሌው እምቢ ማለት ነውር ስለሆነባቸው መጥተው በርጩማ ላይ፣ ከቀኙ ተቀመጡ። መጀመሪያ በግማሽ ዓይን ነበር የሚያዩት። ወንዙ ብቅ ሲል ግን ወገባቸውን አቀኑ። «ያ እኮ ደብሩ ነው! ያውልህ ግራሩ!» አሉ። ዘርጋው ደስ አለው። ሜዳውን ከሩቅ አየና እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ወረደ።

«ዙር» አሉ ሽማግሌው።

ዘርጋው ዓይኑ ሜዳው ላይ ስለነበር ልብ አላላቸውም።

«ዙር እንጂ! አንተ ሰው፣ ዙር!» በከዘራቸው ወለሉን መቱት።

ጎማው ሣሩን ነካ፤ አውሮፕላኑ ተንሸራቶ ቆመ። «አዩ አባባ? ትንኝ እንኳ አይቀሰቀስም» አለ ዘርጋው እየሳቀ።

የሽማግሌው ፊት ጠቁሮ ነበር። «ፈጀሃቸው» አሉ።

«ማንን?»

«ከብቱን። ሴቶቹን።»

ትርንጎ ጩኸቱን ሰምታ ከማድ ቤት ወጣች። አባቷ ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸውን እንዲህ ከፍ አድርገው አያውቁም።

«ያ ሜዳ የአውሮፕላን ብቻ መሰለህ?» አሉ አቶ አስረስ። «ሁለት ቀን የካፒቴኑ ነው፤ ሌላውን ቀን የአገሬው ነው። ከብት ይግጥበታል። ሴቶች እህላቸውን ያሰጡበታል፤ ከሱ የተሻለ ደልዳላ መሬት የለማ። ካፒቴኑ ሲመጣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ አንድ ጊዜ ያልፋል እንጂ አይወርድም። መጥቻለሁ ማለቱ ነው። ያኔ ፊሽካዬን እነፋለሁ። ከብቱ ይነዳል፤ ሴቶቹ ስጣቸውን ያፍሳሉ፤ እሱ ላይ ሆኖ እየዞረ ይጠብቃል። ሜዳው ሲጠራ ነጩን ባንዲራ ከፍ አደርግለታለሁ። ከዚያ ይወርዳል።»

«ነዳጁ ቢያንስበትስ?» አለ ዘርጋው።

«ወደመጣበት ይመለስና በሌላ ቀን ይመጣል።» አሉ ሽማግሌው። «አንድ ችኩል ነበር። ሳይዞር ወረደ። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም፤ እሱም ደህና ነው፤ ወርዶ እየሳቀ ጨበጠኝ። የአንዲት ባልቴት የዓመት ቀለብ ግን ጎማ ሄዶበት ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፍሬውን ከአፈር ትለቅማለች። ሰውየው አላያትም። እስከ ዛሬ ድረስ አሳምሬ ወረድኩ ብሎ ነው የሚያስበው።»

ዘርጋው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው። ሜዳው ላይ ከብትም ሰውም የለም።»

«አንተ አይታይህም» አሉ ሽማግሌው።

ዘርጋው እጁን ወደ መሪው መለሰና ሞተሩን አስነሥቶ ተነሣ። ወንዙን ተሻገረ፣ ኮረብታውን ዞረ፣ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሜዳውን አለፈና እንደገና ከፍ አለ። አቶ አስረስ ከበርጩማቸው ተነሡ። ሁለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አፏጩ፤ ፉጨቱ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

«ሂጂ! ሂጂ አንቺ!» አሉ በከዘራቸው ስክሪኑን እየጠቆሙ። «ቆይ፣ አትውረድ፤ እማሆይ ስጣቸውን ገና አላፈሱም።»

«እሺ አባባ፣ እየዞርኩ ነው።»

«አንዲት ጊደር ቀርታለች። እሷ ሁልጊዜም እንዲህ ናት፤ ግትር!»

«ልድገመው?»

«ድገመው።»

ሦስት ጊዜ ዞረ። ትርንጎ በሩን ተደግፋ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። በመጨረሻ ሽማግሌው የምግብ ጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ አንሥተው ከራሳቸው በላይ አውለበለቡና «አሁን ውረድ» አሉ። ወረደ። እንደ ወትሮው የለሰለሰ አልነበረም፤ ጎማው ሁለት ጊዜ ነጥሮ ነው መሬት የያዘው። አቶ አስረስ ግን «ይኸው! አወራረድ ማለት ይሄ ነው!» ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ዘርጋው ሞተሩን አጠፋ። ፊቱን ወደ እሳቸው ሳያዞር ጠየቀ። «አባባ፣ እርስዎን ላመጣ ስመጣ እኔ ዞሬ ነበር?»

«አልዞርክም ልጄ» አሉ። «በጠዋት መጣህ፤ በዚያው ቀን ጫንከኝ። የሚስቴን መቃብር ሳልሰናበት ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረውኝ ሰው የቀበሩ ዕድርተኞቼ መሄዴን የሰሙት ከሄድኩ በኋላ ነው። ላሜን ለማን እንደምሰጥ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን በር ላይ ላገኘኸው ጎረቤት ሰጠህልኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ ዘርጋው።

«መቼ ጠየቅኸኝ? ክፉ ይዘህ መጥተህ ቢሆን ‹ቁም› እልህ ነበር። በጎ ይዞ የመጣን ሰው እንዴት ‹ቁም› ይሉታል?»

ዘርጋው ከወንበሩ ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ቅዳሜ እኔው እወስድዎታለሁ» አለ። «ይመለሱ ብዬ አልጎተጉትዎትም። የሚፈልጉትን ያድርጉ። መምጣት ካሰኘዎት ይደውሉልኝ፤ ካላሰኘዎትም ይንገሩኝና እዚያው የሚሆነውን አብረን እናስባለን።»

ቅዳሜ ወሰዳቸው። ሌሊት ሌሊት አብሯቸው የሚያድር ሰው እሳቸው ራሳቸው ከዘመድ መረጡ፤ ዘርጋው እሺ ከማለት በቀር አልተናገረም። ትርንጎ ግን አኮረፈችው። «አባቴን ለሞት ሰጠህብኝ» አለችው። እሱም ሌት ተቀን ይኸው ፍርሃት ይበላው ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ስልኩን ያነሣል፣ ደህንነታቸውን ይጠይቃል፤ «መቼ ነው የሚመጡት?» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ይደርስና ይውጠዋል። እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አውቶቡሱን መነሻው ላይ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

«ዘርጋው» አሉ ሽማግሌው። «የምሰናበተውን ሁሉ ተሰናብቼ ጨርሻለሁ። እሑድ ናልኝ።»

ዘርጋው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «እሺ አባባ፤ እመጣለሁ።»

«እዚህ ከተመለስኩ ወዲህ የተላመደኝ አንድ ውሻ አለ፤ ከእኔ አይለይም። ይዤው ብመጣ ቦታ አላችሁ?»

«ሞልቶ!» ሊል አፉን ከፈተ። የውሻው ማሰሪያ የት እንደሚሆን፣ በየትኛው ጥግ ቤት እንደሚሠራለት ወዲያው ታይቶታል። ከዚያ አፉን መልሶ ዘጋ።

«አባባ፣ ትርንጎን ልጠይቃትና መልሼ ልደውልልዎት» አለ።

ከስልኩ ማዶ አቶ አስረስ ከልባቸው ሳቁ። «ጠይቃት ልጄ፣ ጠይቃት። እኔ እጠብቃለሁ።»

ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው «ጨዋታ ሰውን ያሳንፋል» ለሚሉ ሁሉ ይነግራል። እኔ የያዝኩት ግን ሌላውን ነው። ሰውን የምንጎዳው በክፋት ብቻ አይደለም። ለእናታችን፣ ለልጃችን፣ ለታመመ ወዳጃችን መልካሙን ነገር እናውቅለታለን እንልና ሳንጠይቅ ሕይወቱ ላይ እንወርዳለን። እኛ በሰላም እንደርሳለን፤ ሰውም ያመሰግነናል። እዚያ መሬት ላይ ያሰጣውን ሳያነሣ የቀረው ሰው ግን ዝም ይላል፤ ደግነታችን አፉን ይዞታል። ለሚወዱት ሰው መድረስ ጥሩ ነው፤ ከመድረስ በፊት ማስታወቅና እሱ እስኪዘጋጅ መታገሥ ደግሞ ፍቅርም አክብሮትም ነው።

እናንተስ፣ ለማን በጎ ልታደርጉ ተነሥታችኋል? እሱን ጠይቃችሁታል?